የስልጆ ልክ

የሁዳዴ ዋዜማ መሐል ሜዳ ወጣሁ፣ ሚዛኔን ታቅፌ፣
ባትሪው እንዳይበርደው በአሮጌ ሹራቤ ዙሪያውን ደግፌ።
ማኅበሩ ሊሸጥ ነው ስልጆውን በጠርሙስ፣
አንዱ ካንዱ ሳይለይ፣ ከግሼ ተነሥቶ እስከ ምንጃር ድረስ፤
እና ቅጽ ሰጡኝ።
«መጠኑ በግራም» የሚል ሣጥን አለው፣
«የሚፈጀው ሰዓት» የሚል መስመር አለው፣
ለእጅ ቦታ የለው።

እትዬ ደጅይጥኑ ሱፍ ይለቅማሉ፣ ሰፌዱን አቅፈው፤
«አርፈሽ ቁጭ በይ እንጂ፣ ስልጆ እግር የለው!»
አሉኝ ቀና ብለው።

«ባቄላው ስንት ነው?»
«እንደ ሱፉ ነዋ።»
«ሱፉስ ስንት ይሁን?»
«እንደ በላተኛው፣ እንደ ቤቱ ነዋ።»
«ውሃውስ?»
«እስኪበቃው።»
«እሳቱስ?»
«እንዳይቆጣ።»
«እስከ መቼ ላማስል?»
«ማማሰያው ቆሞ እስኪቀር፣ ድስቱ ‹ተይኝ› እስኪል።»

ቅጹ ላይ ‹ተይኝ› የለም።
ለ‹እንዳይቆጣ› ቁጥር ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ አንድም አላገኘሁም፤
ዘጠና ብዬ ጻፍሁ፣ ሰማንያ አልሁ፣ ሰረዝሁ፣
እስክሪብቶ ነክሼ፣ ሰማያዊ ምላስ ይዤ ተቀመጥሁ።

ሰናፍጩ ላይ ስንደርስ ቀኝ እጃቸው ወጣ ከነጠላው መሐል፤
ሌባ ጣታቸው ግማሽ፣ ገብስ ሲያጭዱ ድሮ ማጭድ ቆርጦባቸዋል።
«አንድ እፍኝ ነው» አሉኝ።
«የማን እፍኝ?» አልሁ።
«የኔ ነዋ! ጎረቤት ልጥራ ወይ ለእፍኝ?»

ሚዛኑ ላይ ሲያፈሱት ሠላሳ አንድ አለ።
ድገሙልኝ አልሁ፤ ሠላሳ አንድ አለ።
ዞር ብለው እያወሩ ስለ በሬ ዋጋ፣
ሳያዩ ዘገኑት፤ ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።
ሚዛኔ ፈራልኝ፣ እንጀራው ሊዘጋ።

ከዚያ እኔ ዘገንሁ፣ ጣቴ ሙሉ አምስት፦
አርባ አራት። ሠላሳ ስምንት። ሃምሳ ሁለት።
ሳቁ እትዬ፤ «ያንቺ እጅ ገና ጥጃ ነው፣ ይፈነጫል» አሉ፣
«ሲገራ ይመጣል።» ደግሞ ወደ ሱፉ ዞረው ይለቅማሉ።

«ሦስት ሌሊት ይደር» ያሉትን ሰባ ሁለት ሰዓት ብዬ መነዘርሁት፣
ማኅተም አስመትቼ ላክሁት።

ጣርማ በርን አልፎ፣ በዋሻው ሾልኮ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል፣
ሸዋ ሮቢት ገባ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ቁጭ ብላ ስታቃጥል።
ሙሉሸዋ አነበበች፤ ግራሙን በግራም፣ ሰዓቱን በሰዓት፣
አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ አላጎደለችበት።
በሁለተኛው ሌሊት ጠርሙሱ ተኮሰ!
ክዳኑ ጣራ መታ፤ ባሏ ሌባ ብሎ ዱላውን አነሣ፣ ጎረቤት ደረሰ፤
ግድግዳው፣ አልጋው፣ የልጁ ደብተር፣ ሁሉም ስልጆ ለበሰ።

በማግስቱ ደወለች። አልተቆጣች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።
«እህቴ፣ ወረቀትሽ ልክ ነው፤ ስህተት የለም ከቁጥር።
ግን አንድ የጎደለ አለ፤ ብርዱን ስንት ግራም ላድርግ?
ሮቢት ገበያ ዞርሁ፤ የሚሸጥ የለም፣ አንድም ጥግ።»

እትዬ ብርድ አላሉኝም። ለብሰውት ኖረዋል፤
ሰው የለበሰውን መች ይቆጥረዋል?
እኔም አልጻፍሁትም፤
እየተንቀጠቀጥሁ ነበር ቅጹን ስሞላ፤
ብርዱ የሰፈረው በተንጋደደው ፊደሌ ነው እንጂ፣ የለም ሌላ።

አሁን ቅጹን አድሼዋለሁ። ግራሙ አለ፤ አላፍርበትም፤
ለማያውቅ እጅ ምርኩዝ ነው፣ ምርኩዝ አይናቅም።
ሰዓቱን ግን ሰርዤ፦
«አፍንጫን ሲወጋ፣ ምላስ ሳያቃጥል፤
ደጋ ሦስት ሌሊት፤ ቆላ፣ ሙሉሸዋን ጠይቂ» ይላል፣
ስልኳ ከሥሩ አለ።

ላነብላቸው ሄድሁ። ሰሙኝ እስከ መጨረሻ።
«ረዘመ» አሉ። «እኔ ያልሁሽ ‹እስኪደርስ› ነው።»
ከዚያ ሚዛኑን ሳብ አድርገው እጃቸውን ጫኑበት፣
ቁጥሩ ሲዋዥቅ እያዩ፣ እንደ ቀልድም፣ እንደ እውነት፦
«ያቺ የሄደችው ጣቴ
ስንት ግራም ኖራለች?»